ማንም የማይቀመጥበት በርጩማ

(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



እያንዳንዳችሁ በየመሥሪያ ቤታችሁ የምትቀመጡበት ወንበር አላችሁ። ወንበሩ የተቀመጠበት ሰው ነውን፤ ወይስ የሚያገለግለው ሕዝብ? ይህን ጥያቄ ያነሣሁት፥ የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ በርጩማ በመሆኑ ነው። ይኸውም ዛሬ ጋና በምትባለው አገር የሚገኘው የአሻንቲ ሕዝብ የወርቅ በርጩማ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አሻንቲዎች እንደሚተርኩት፥ በ17ኛው ምዕት ዓመት ፍጻሜ ገደማ ኦኮምፎ አኖኬ የተባለው ካህናቸው ይህን በወርቅ የተለበጠ በርጩማ ከሰማይ አውርዶ በንጉሡ በኦሴይ ቱቱ ጉልበት ላይ አሳረፈው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሕዝቡ ሁሉ ነፍስ በውስጡ እንዳለች ይታመናል። ስለዚህ ንጉሡ ራሳቸው እንኳ አይቀመጡበትም፤ እንዲያውም በርጩማው የራሱ መቀመጫ አለው። ነገሥታት ይሾማሉ፥ ያልፋሉም፤ በርጩማው ግን ይኖራል።

እንግሊዞች በ1874 የአሻንቲን ዋና ከተማ ኩማሲን አቃጥለው 50,000 ወቄት ወርቅ ካሣ ጠየቁ። በጃንዋሪ 1896፥ ማለት ከዓድዋ ጦርነት ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፥ ተመልሰው መጡ። ንጉሥ ፕሬምፔህ ሕዝባቸው እንዳያልቅ ብለው ጦርነት አልከፈቱም ነበር። ይሁን እንጂ ከእናታቸው ጋር በአገረ ገዥው እግር ላይ እንዲወድቁ ከተደረገ በኋላ ተይዘው ተጋዙ፤ በመጨረሻም እስከ ሲሸልስ ደሴቶች ድረስ ተወሰዱ።

በማርች 28 ቀን 1900 አዲሱ አገረ ገዥ ሰር ፍሬደሪክ ሆጅሰን በኩማሲ ባላባቶቹን ሰበሰበ። የካሣውን ወለድ እንዲከፍሉ ካዘዘ በኋላ፥ የእንግሊዝ ንግሥት እንደራሴ እንደ መሆኑ መጠን የወርቁ በርጩማ ቀርቦለት ስለ ምን እንዳልተቀመጠበት ጠየቀ። ተራ ዙፋን መስሎት ነበር። ባላባቶቹ በዝምታ ሰምተውት ተበተኑ፤ ዝምታቸው ግን የመታዘዝ ምልክት አልነበረም።

በኤጂሱ ንግሥት እናት በያአ አሳንቴዋ መሪነት ጦርነት ተነሣ። አገረ ገዥው በኩማሲ ምሽግ ውስጥ ተከቦ በረኀብና በበሽታ ከተጨነቀ በኋላ በጁን ወር ሰብሮ ወጣ። በመጨረሻው እንግሊዞች በጦር ኀይል አሸነፉ፤ ያአ አሳንቴዋም ተግዘው በ1921 በሲሸልስ አረፉ። አሻንቲ በጃንዋሪ 1 ቀን 1902 በሕግ የእንግሊዝ ግዛት ሆነች። በርጩማው ግን ተሰውሮ ስለ ነበረ አልተገኘም።

ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ መንገድ የሚሠሩ ሰዎች የተቀበረበትን ቦታ ነኩ፤ ሌቦችም ጌጡን ገፈፉ። ሕዝቡ እጅግ አዘነ። በዚህ ጊዜ ግን የቅኝ ግዛቱ መንግሥት ከመናገሩ በፊት ጠየቀ። የአሻንቲን ቋንቋና ልማድ የሚያውቀው ራትሬይ የበርጩማውን ትርጉም አስረዳ፤ መንግሥትም እንደማይወስደው አስታወቀ። ሌቦቹን የአሻንቲ ሹማምንት ራሳቸው ፈረዱባቸው። አንድ ጥይት ሳይተኮስ ነገሩ በሰላም አለፈ። ንጉሥ ፕሬምፔህ በ1924 ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ1935ም የአሻንቲ ንጉሥነት ማዕረግ ለተተኪያቸው ተመለሰ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ሁለቱም ሹማምንት የአንድ መንግሥት አገልጋዮች ነበሩ፤ ነገሩም አንድ በርጩማ ነበር። አንደኛው ሳይጠይቅ በማዘዙ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ ሌላው አስቀድሞ በመጠየቁ ደም ዳነ። እርግጥ ነው፥ ጠይቆ መግዛትም ቢሆን የሌላውን አገር መግዛት ነው፤ የተወሰደው ወርቅ ጉዳይ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። በ2024 ሠላሳ ሁለት የወርቅና የብር ዕቃዎች ከለንደን ሙዚየሞች ወደ ኩማሲ የመጡት በስጦታ ሳይሆን በውሰት ነው።

እንግዲህ፥ የተከበራችሁ አድማጮች፥ ነገ ማለዳ ወንበራችሁ ላይ ተቀምጣችሁ በማታውቁት ሰፈር በማታውቁት ሰው ላይ የሚፈጸም ትእዛዝ ሲቀርብላችሁ፥ ብዕሩን ከማንሣታችሁ በፊት «ይህ ነገር ለባለቤቶቹ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን መጠየቅ ሥልጣንን አያሳንስም።