ያዘመሙት የሃይዳ ምሰሶዎች



በካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ከፕሪንስ ሩፐርት ወደብ በመርከብ ሰባት ሰዓት ያህል ተጉዘው የሚደርሱባቸው ደሴቶች ሃይዳ ጓይ ይባላሉ፤ ትርጓሜውም የሃይዳ ሕዝብ ደሴቶች ማለት ነው። ስለዚህ ሕዝብ የተጻፈውን በቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ማንበብ ይቻላል። ነገር ግን ሙያው ግንባታ የሆነ መንገደኛ በደቡቡ ጫፍ የምትገኘውን ስጋንግ ጓይን ሳያይ ቢመለስ ጉዞውን ፈጽሟል ለማለት ያስቸግራል።

ወደዚያች ባዶ መንደር የሚያደርስ የመኪና መንገድ የለም፤ በጀልባ ወይም በውሃ ላይ በሚያርፍ አውሮፕላን ይኬዳል። በአንድ ጊዜ ከ12 ሰው በላይ አይገባም። እንግዳውን ተቀብለው በዛጎል በተሰመረ የእግር መንገድ እየመሩ የየቤቱን ታሪክ የሚነግሩት የሃይዳ ጠባቂዎች ናቸው።

ምሰሶዎቹ የተቀረጹት ከአገራችን ጥድ ጋር ከሚዛመደው ቀይ ሴዳር ነው። አያሌዎቹ በአናታቸው የሙታን አጽም ያረፈበትን ሣጥን የተሸከሙ ነበሩ። ዛሬ ግን ተሰነጣጥቀዋል፣ አዘምመዋል፤ የቤቶቹም አግዳሚ ግንዶች ወድቀዋል። መሐንዲስ ይህን ሲያይ «ስለ ምን መጠለያ አልተሠራላቸውም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እርግጥ ነው፣ በ1957 እ.ኤ.አ. ጥቂቶቹ ወደ ሙዚየም ተወስደዋል። የቀሩትን በሚመለከት ግን የሃይዳ ሽማግሌዎች ዙሪያቸው እንዲመነጠርና ያዘመመው እንዲቃና ቢፈቅዱም፣ ምሰሶው ዘመኑን ሲጨርስ ወደ አፈር ይመለስ ብለዋል። ድንጋይ አቁሞ ዘመናትን ለተሻገረው ለአክሱም አገር ሰው ይህ በቀላሉ የሚዋጥ አሳብ አይደለም።

ይሁን እንጂ ለሃይዳ ሕዝብ የከፋው አደጋ የእንጨቱ መበስበስ አልነበረም። በ1862 የገባው ፈንጣጣ በሺህ የሚቆጠረውን ሕዝብ ፈጅቶ የተረፉትን በስኪደጌትና በማሴት ሰበሰባቸው። ቀጥሎም የካናዳ መንግሥት ምሰሶ የሚተከልበትን የድግስ ሥርዓት ከ1885 እስከ 1951 በሕግ ከለከለ። ስለዚህ ሊጠፋ የተቃረበው የአቀራረጹና የአተካከሉ ዕውቀት ነበር። በ1969 ወጣቱ ሮበርት ዴቪድሰን በማሴት አዲስ ምሰሶ ቀርጾ ሲያስተክል፣ መንደሩ ይህን የመሰለ ነገር ካየ ሦስት ትውልድ ያህል አልፎ ነበር።

በ1985 ሃይዳዎች የደን ቆራጮችን መንገድ ዘግተው በታሰሩባት በላየል ደሴት ደግሞ፣ በ2013 ቁመቱ 13 ሜትር የሚሆን ምሰሶ ቆመ። ያቆመው ክሬን ሳይሆን በገመድ የሚጎትት ሕዝብ ነው። በምሰሶውም ላይ ከእንስሳቱ ምስል መካከል፣ የጎማ ቦት ጫማ ተጫምተው ጎን ለጎን የቆሙ ሰዎች ተቀርጸዋል።