ስለ ጨውና ስለ አዮዲን ጠባይ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት የተደረገ ንግግር)



ስለ ኬሚስትሪ እንድናገር በተፈቀደልኝ ጊዜ፣ ከሩቅ አገር ምሳሌ ከመፈለግ ይልቅ በየቤታችን ያለውን ጨው መረጥሁ። ከተማችን ሰቆጣ ከአፋር በረሃ ተጭኖ የሚመጣው አሞሌ የሚራገፍባት ታላቅ የጨው ገበያ እንደ ነበረች ታውቃላችሁ። አሞሌ እንደ ገንዘብም ያገለግል ነበር። ጠባዩም ለዚህ ረድቶታል፤ አይበሰብስም፣ አይዝግም፤ ከእርጥበት ከተጠበቀ ለዓመታት ይቆያል።

ነገር ግን ይህ ዝምተኛ ነገር ከሁለት ቁጡዎች የተወለደ ነው። አንደኛው ሶዲየም ነው፤ በቢላዋ የሚቆረጥ ለስላሳ ብረት ሲሆን ውሃ ሲነካው ስለሚቀጣጠል በላምባ ውስጥ ተነክሮ ይቀመጣል። ሁለተኛው ክሎሪን ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ነው፤ በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ አይሮፕላኖች በተከዜ አካባቢ በወገኖቻችን ላይ ባዘነቡት መርዝ ውስጥም ይህ ንጥረ ነገር ነበረበት።

ታዲያ ሁለቱ ሲዋሐዱ ስለ ምን ሰላም ሆኑ? መልሱን የሚሰጡን ሥራ ፈት የሚባሉት ጋዞች ናቸው። ከምንተነፍሰው አየር ከመቶ አንድ እጅ ያህል የሚሆነው አርጎን እ.ኤ.አ. በ1894 ሲገኝ፣ ከምንም ጋር አልዋሐድ ስላለ «ሰነፍ» የሚል ትርጉም ያለው የግሪክ ስም ወጣለት። ይኸውም የውጭ ቀለበቱ በ8 ኤሌክትሮኖች የተሞላ ስለ ሆነ ነው። ሶዲየም 11 ኤሌክትሮኖች አሉት፤ አንዱን ቢሰጥ 10 ሆኖ ኒዮንን ይመስላል። ክሎሪን 17 አሉት፤ አንድ ቢቀበል 18 ሆኖ አርጎንን ይመስላል። እንግዲህ አንዱ ሰጠ፣ ሌላው ተቀበለ፤ ሁለቱም ዐረፉ።

አዮዲን ደግሞ የክሎሪን ዘመድ ነው። በአንገታችን ያለው ዕጢ ያለ እርሱ ሥራውን አይሠራም። በደጋ አገር ዝናብ አፈሩን ለብዙ ዘመን ስላጠበው በእህላችን ውስጥ አዮዲን ያንሳል፤ ዕጢውም ያብጥና እንቅርት ይሆናል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት የበሽታውን መለመድ ያሳያል። ከዚህም የሚከፋው፣ ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን ካጣች የልጇ የአእምሮ ዕድገት መጎዳቱ ነው። ስለዚህ በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚሆን ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተወሰነ።

አያቴ እንቅርት ነበረባቸው። ጨዋቸውን እንዳይረጥብባቸው ከምድጃው አጠገብ ክፍት አድርገው ያኖሩ ነበር። ይህ ብልሃት ለአሞሌ ትክክል ነበር፤ ጨው ሙቀት አይጎዳውምና። ለዛሬው ጨው ግን አይሆንም። የተጨመረበት አዮዲን እንደ ጨው የዐረፈ አይደለም፤ ሙቀት፣ እርጥበትና ፀሐይ ሲያገኙት ይለቀቅና ተንኖ ይጠፋል። ጨው ጣዕሙ ሳይለወጥ ጥቅሙ ስለሚጎድል፣ መጥፋቱን ማንም አያውቅበትም።

ስለዚህ እናቶቻችን ሆይ፣ አዮዲን ያለበትን ጨው ግዙ፤ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ከእሳትና ከፀሐይ አርቃችሁ አኑሩ፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት። እኛም ተማሪዎች ዛሬ ማታ የየቤታችንን ጨው የት እንደ ተቀመጠ እንይ። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይባላል። ከመማሪያ ክፍል ወጥቶ ከእናቱ ምድጃ ያልደረሰ ትምህርትም እንዲሁ ነው።