ያልተመዘገበው ልጅ

ውድ ተመራቂ መምህራን፣ ከእናንተ መካከል በመቱ፣ በጎሬ፣ በሁሩሙ፣ በያዮና በቡሬ ኦ-ክፍል፣ ማለትም ከአንደኛ ክፍል በፊት ባለው የቅድመ መደበኛ ክፍል፣ የምታስተምሩ ትኖራላችሁ። ለእናንተ የምለው አንድ ነገር ነው፤ አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ከእኩዮቹ ጋር መማር የሚጀምረው ኦ-ክፍል ላይ መሆን አለበት። አንደኛ ክፍል እስኪደርስ ከጠበቅነው ዘግይተናል።

በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በአገራችን የመዘገባቸው አካል ጉዳተኞች 805 ሺህ ገደማ፣ ከመቶ አንድ ብቻ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2003 ዓ.ም. ባወጡት ሪፖርት ግን ከዓለም ሕዝብ 15 በመቶ ያህሉ አካል ጉዳት እንዳለበት ገምተዋል። አጠያየቃቸው ስለሚለያይ ሁለቱን ቁጥሮች በቀጥታ ማነጻጸር አይገባም። ይሁንና ክፍተቱ ይህን ያህል ሲሰፋ ሳይቆጠር የቀረ ብዙ ሰው መኖሩን መካድ ይከብዳል። ለቆጣሪ ያልታየ ልጅ ለመዝጋቢ መምህርም አይታይም። ቤተሰቡ ቡና ለቀማ ሲወጣ እሱ ቤት ይቀራል፤ እኩዮቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱም እንዲሁ። ከዚህ ሌላ ደግሞ ተመዝግቦም የማይታይ ልጅ አለ። ጆሮው በከፊል ብቻ የሚሰማ፣ ሰሌዳው የሚደበዝዝበት ልጅ ችግሩን መናገር አይችልም፤ ሌሎች የሚሰሙትንና የሚያዩትን አያውቅማ። እኛ እልኸኛ ወይም ሰነፍ እንለዋለን፤ ክፍል ይደግማል፤ ከዚያም ያቋርጣል። ኦ-ክፍል የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። መዝሙር፣ ጨዋታና ተረት በሞሉበት ክፍል ውስጥ ጥሪ ያልሰማው ልጅ፣ ኳሷን ያላያት ልጅ ቶሎ ይለያል፤ ያኔም ወደ ጤና ጣቢያ ለመላክ ጊዜ አለ።

ተማሪው በበዛበት፣ የልዩ ፍላጎት ሥልጠና ባልተሟላበት ክፍል አካል ጉዳት ያለበትን ልጅ ማስተማር እንዴት ይቻላል የሚሉ አሉ። ጥያቄው እውነት አለው፤ የክፍል መጨናነቅን የሚያቃልል በጀትም ከመንግሥት ሊጠየቅ ይገባል። ግን ልጁን ፊት ማስቀመጥ፣ ፊትን ወደ ልጆች አዙሮ መናገር፣ ቁጥርን በቡና ፍሬ እያስነኩ ማስተማር በጀት አይጠይቅም፤ የሚጠቅመውም ለክፍሉ ሁሉ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብደኛል፤ መስማት የተሳነውና ዓይነ ስውሩ ልጅ በልዩ ትምህርት ቤት የተሻለ ይማራል የሚል ነው። በከፊል እቀበለዋለሁ። የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ መምህርና ጓደኛ የሌለው ልጅ ከሌሎች ጋር አንድ ወንበር ላይ ስለተቀመጠ ብቻ ተማረ አይባልም። ለምሳሌ የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ ዓይነ ስውር ሆና ትምህርቷን የጀመረችው ሻሸመኔ በሚገኝ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው፤ ኋላ ከሚያዩ ተማሪዎች ጋር ተምራ የሕግ ባለሙያ ሆነች፣ በ2010 ዓ.ም. ዓለም አቀፉን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኘች። ዳሩ ግን ለኢሉባቦር ገጠር ልጅ ሻሸመኔ ሩቅ ናት። ልዩ ትምህርት ቤት እስኪደርሰው መንደሩ አጠገብ ያለው ኦ-ክፍል በሩን ከዘጋበት የሚቀርለት ቤት መዋል ነው።

እዚህ ያላችሁ የወረዳና የከተማ ኃላፊዎችም ድርሻ አላችሁ። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ የ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅም ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኛ እንዲመቹ አዟል። የዚህ አካባቢ ክረምት ረጅም ነው፤ ጭቃውንና ዳገቱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ከመንገድ እስከ ክፍሉ በር ጠጠር ማልበስ፣ ከደረጃው ጎን መወጣጫ መሥራት በክራንች ለሚሄድ ልጅ የመማርና የመቅረት ጉዳይ ነው።

ውድ ተመራቂዎች፣ መስከረም ላይ ምዝገባ ሲጀመር ትምህርት ቤት ተቀምጣችሁ አትጠብቁ። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ቤት ለቤት ሂዱ፤ እናቲቱን በአክብሮት፣ በምትናገረው ቋንቋ፣ «ሌላ ልጅ አለዎት?» ብላችሁ ጠይቁ።