ዝም ያለ መሣሪያ ምን ይነግረናል? የማቀዝቀዣ ጋዝ ማምለጫን ስለ መፈለግ



ዛሬ የምናገረው በወርክሾፕ «ሊክ ዲቴክተር» ስለምንለው አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ነው። አልቀዘቅዝ ላለ ማቀዝቀዣ ጋዝ ሞልቶ ማስረከብ ቀላል ነው፤ ዳሩ ግን ቀዳዳው ካልተገኘ የተሞላው ጋዝ ተመልሶ ይወጣል። ማቀዝቀዣው የክትባት ማስቀመጫ ከሆነ፣ ቴክኒሻኑ ከሄደ በኋላ ሙቀቱ ከ8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፉን የሚያውቀው የጤና ባለሙያው ብቻ ነው።

አብዛኞቹ መሣሪያዎች የሚያሳዩት የጋዙን መጠን ሳይሆን ለውጡን ነው። ሲከፈቱ በዙሪያቸው ያለውን አየር እንደ ዜሮ ይቆጥሩታል። ስለዚህ ጋዝ በታመቀበት ክፍል የተከፈተ፣ ወይም ጫፉ አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ የቆየ መሣሪያ ጋዙን ይለምደውና ዝም ይላል። ተማሪውም በቅጹ ላይ «ማምለጫ የለም» ብሎ ይሞላል! በንጹሕ አየር ውስጥ ክፈቱት፤ ጫፉን ከቱቦው በ5 ሚሊ ሜትር ርቀት፣ በሰከንድ ከ2.5 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር አንቀሳቅሱ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ የመጋጠሚያዎቹን የታችኛውን ክፍል አትዝለሉ። ባዶ በሆነ ሲስተም ላይ መፈለግ ግን ከንቱ ድካም ነው፤ በቂ ግፊት ሊኖር ይገባል። መሣሪያው ሲጮኽ አካባቢውን በአየር ንፉና ድገሙት፤ እዚያው ቦታ ላይ ደግሞ ከጮኸ በሳሙና አረፋ አረጋግጡ።

በአንድ ነጥብ ላይ ጥቂት ልቆይ። ብዙዎቹ አዳዲስ የቤት ማቀዝቀዣዎች የሚሠሩት በአይሶቡቴን ነው። የጋለ ዳዮድ ያለው መሣሪያ የሚለየው ክሎሪንና ፍሎሪን ያለባቸውን ጋዞች ነው፤ አይሶቡቴን ደግሞ ካርቦንና ሃይድሮጅን ብቻ ነው። ዝምታው ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ አይሶቡቴን ተቀጣጣይ ስለሆነ፣ ለዚህ ያልተሠራ መሣሪያ ራሱ የእሳት መነሻ ሊሆን ይችላል። እናም መሣሪያውን ከቦርሳ ከማውጣታችሁ በፊት በኮምፕረሰሩ ላይ ያለውን መለያ ጽሑፍ አንብቡ።

አያያዙ ብዙ አያስቸግርም፦ ፊልተሩን በጊዜው መቀየር፣ ጫፉን ከውሃና ከዘይት መጠበቅ፣ ሳይሠራ የሚቀመጥ ከሆነ ባትሪውን ማውጣት። የዳዮድ ሴንሰር ከኢንፍራሬዱ ቀድሞ ያረጃል። በማመሳከሪያ ብልቃጥ የሚደረገውን ፍተሻ ከፍለጋው በፊት ብቻ ሳይሆን ከፍለጋው በኋላም እንድታደርጉ እሻለሁ፤ ሴንሰሩ በመካከል ዘይት ስቦ ከሆነ ያለፈው ዝምታ ዋጋ የለውምና ሥራው ከመጀመሪያው መጋጠሚያ እንደ አዲስ ይጀመራል።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።