በፊልም ስላየነው ስለ አይዳ ኦፔራና ስለ ዘፋኞቹ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሙዚቃ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)





ልንናገር ያሰብነው ባለፈው ወር በዚሁ አዳራሽ ተሰብስበን በፊልም ስላየነው፥ አይዳ ስለሚባለው ኦፔራና በርሱ ውስጥ ስለ ዘፈኑት ሰዎች ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ልንናዘዝ ይገባናል። ፊልሙ በተጀመረ ጊዜ ከመካከላችን ብዙዎች ይሥቁ ነበር። «ሰው እየዘፈነ ይነጋገራል ወይ?» የሚል ነበረ፤ «ይህማ ጩኸት እንጂ ዜማ አይደለም» የሚልም ነበረ። ፊልሙ ሲያልቅ ግን የሣቀው ሁሉ ዝም ብሎ ነበር። በመካከሉ የሆነውን ነገር በሚቻለን መጠን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ኦፔራ ማለት ተጫዋቾቹ ንግግራቸውን በዜማ የሚያቀርቡበት፥ ከመድረኩ በታች የተቀመጡ ብዙ ሙዚቀኞችም የሚያጅቡት ቴያትር ነው። የዘፋኞቹ ድምፅ እንደ ቅጥነቱና እንደ ውፍረቱ ይከፈላል። ቀጭኑ የሴት ድምፅ ሶፕራኖ፥ ከርሱ ዝቅ የሚለው ሜዞ ሶፕራኖ፥ ከፍ ያለው የወንድ ድምፅ ቴነር፥ መካከለኛው ባሪቶን፥ ወፍራሙ ባስ ይባላል። የሚያስደንቀው ነገር ዘፋኞቹ ያለ ድምፅ ማጉያ መዝፈናቸው ነው። ፊልሙ የተነሣበት የኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ቤት 3,800 ያህል መቀመጫ አለው። አንዲት ሴት ድምፅዋን በዚያ ሁሉ ሙዚቃ ላይ አሳልፋ በመጨረሻው ረድፍ ለተቀመጠው ሰው የምታሰማው በጉሮሮ ኃይል ብቻ አይደለም፤ በእስትንፋስ አያያዝና በብዙ ዓመት ልምምድ ነው። ይህን በተረዳን ጊዜ «ጩኸት» ያልነውን ቃል መልሰን ዋጥነው።

አይዳን የደረሰው ጁሴፔ ቬርዲ የሚባለው የኢጣልያ የሙዚቃ ሊቅ ነው። ድርሰቱን ያዘዘው የግብጹ ኬዲቭ እስማኤል ሲሆን፥ የታሪኩን ረቂቅ ያወጣው ኦጉስት ማሪየት የሚባል የጥንት ግብጽን ቅርስ የሚመረምር ፈረንሳዊ ነበር። ልብሱና የመድረኩ ዕቃ በፓሪስ ተሠርቶ ሳለ ከተማይቱ በ1870 በፕሩስያ ጦር ስለ ተከበበች ጨዋታው ዘገየ፤ በመጨረሻም ዲሴምበር 24 ቀን 1871 በካይሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ።

ታሪኩም እንዲህ ነው። አይዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የአሞናስሮ ልጅ ናት። በጦርነት ተማርካ፥ ማንነቷን ደብቃ፥ ለፈርዖን ልጅ ለአምኔሪስ ገረድ ሆናለች። ራዳሜስ የሚባለውን የግብጽ ጦር አለቃ ትወዳለች፤ እርሱም ይወዳታል፤ አምኔሪስም ትወደዋለች። ራዳሜስ በኢትዮጵያ ላይ ዘምቶ ድል አድርጎ ሲመለስ ከምርኮኞቹ አንዱ የአይዳ አባት ሆኖ ተገኘ። አባቷም የግብጽ ጦር የሚያልፍበትን መንገድ ከወዳጅዋ አፍ እንድታወጣ ያዛታል፤ እንቢ ብትለው ልጄ አይደለሽም ብሎ ይክዳታል። ራዳሜስ ምሥጢሩን በማውጣቱ ከነሕይወቱ በመቃብር እንዲዘጋበት ሲፈረድ፥ አይዳ ቀድማ ተሸሽጋ ገብታ ከርሱ ጋር ትሞታለች።

ፊልሙ እንዳበቃ ከጓደኞቻችን አንዱ ተነሥቶ፥ «ኢትዮጵያ ለምን ትሸነፋለች? ይህን ለምን አሳያችሁን?» ሲል በቍጣ ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ስለ ነበረ መልሱን ፈለግን። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፥ ስምዋ በዓለም መድረክ ሁሉ ስለሚዘፈንባት ኢትዮጵያ እኛው ያወቅነው ጥቂት ነበር። የጥንት ግሪኮች ከግብጽ በስተ ደቡብ ያለውን አገር ሁሉ ኢትዮጵያ ይሉት ነበር፤ በኦፔራው የተጠቀሰችው ናፓታም ዛሬ በሱዳን ውስጥ ትገኛለች። ስለዚህ የመድረኩ ኢትዮጵያ በልብ ወለድ የተሠራች አገር ናት። በእውነተኛው ታሪክ የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። አይዳ በካይሮ ከታየ ከአራት ዓመት በኋላ፥ ያው ኬዲቭ እስማኤል ሠራዊቱን በኢትዮጵያ ላይ ላከ፤ ሠራዊቱም በ1875 በጉንደት፥ በ1876 ደግሞ በጉራዕ በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ጦር ድል ሆነ። ጓደኛችን ይህን ሲሰማ ፈገግ አለ። እኛ ግን በዚህ ብቻ ልናቆም አልፈለግንም፤ ምክንያቱም የፊልሙ ትልቁ ነገር የሚገኘው አይዳን ሆነው በዘፈኑት ሴት ላይ ነው።

እኒህ ዘፋኝ ሊዮንቲን ፕራይስ ይባላሉ። በ1927 በአሜሪካ በሚሲሲፒ ግዛት፥ ሎረል በምትባል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በእንጨት መሰንጠቂያ ይሠሩ ነበር፤ እናታቸው አዋላጅ ሲሆኑ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ይዘምሩ ነበር። ወላጆቻቸው የቤታቸውን ሸክላ ማጫወቻ ለፒያኖ መግዣ ቀብድ አድርገው ሰጡላቸው። በዚያ ዘመን በሚሲሲፒ ጥቁርና ነጭ በትምህርት ቤትም ሆነ በምግብ ቤት በሕግ የተለያየ ነበር። ልጅቱ በልጅነታቸው ማሪያን አንደርሰን የተባሉትን ታላቅ ጥቁር ዘፋኝ ሰምተው ልባቸው ተነካ። ይሁን እንጂ ማሪያን አንደርሰን ራሳቸው በሜትሮፖሊታን መድረክ ላይ እንዲዘፍኑ የተፈቀደላቸው በ1955 ነው፤ ከዚያ በፊት ማንም ጥቁር ዘፋኝ በዚያ ቤት የኦፔራ ተጫዋች ሆኖ አልዘፈነም።

በዚያው በ1955 ሊዮንቲን ፕራይስ ቶስካ የሚባለውን ኦፔራ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ዘፈኑ። ጥቁር ሴት ከነጭ ወንድ ጋር የፍቅር ጨዋታ ስትጫወት አናሳይም ብለው አንዳንድ ጣቢያዎች ሳያስተላልፉት ቀሩ። እርሳቸው ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። በቪየናና በሚላኖ አይዳን ዘፈኑ፤ በ1961 በሜትሮፖሊታን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀረቡ ጊዜ ጭብጨባው 42 ደቂቃ ያህል እንደ ቆየ ይነገራል።

አሁን ወደ ፊልማችን እንመለስ። ፊልሙ የተነሣው ጃንዋሪ 3 ቀን 1985፥ ሊዮንቲን ፕራይስ ኦፔራን በተሰናበቱበት ምሽት ነው። ዕድሜያቸው 57 ነበር። ጨዋታው ከመድረኩ በቀጥታ በቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር። እንግዲህ አስቡት! አንዳንድ ጣቢያዎች አናሳይም ካሉ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፥ ያችው ድምፅ በአገሩ ሁሉ ታየች፤ ተሰማች።

በሦስተኛው ክፍል አይዳ በሌሊት በዓባይ ዳር ብቻዋን ቆማ፥ አገሬን ዳግመኛ አላይም ብላ ትዘፍናለች። ዜማው ቀስ ብሎ ወጥቶ እጅግ ከፍ ካለ ቦታ ይደርሳል፤ እዚያም ላይ መጮኽ ሳይሆን መለስለስ ይጠይቃል፤ ለሶፕራኖ ትልቅ ፈተና ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ አዳራሹ በጭብጨባና በእልልታ ለብዙ ደቂቃ ተናወጠ። እርሳቸው ግን እጅ አልነሡም፤ አይዳን እንደ ሆኑ ቆሙ። ካሜራው ከፊታቸው አልራቀም። ያንን ፊት ባየን ጊዜ በአዳራሻችን የሣቀ አልነበረም። አገሯን ያጣችው አይዳ ትሁን፥ ወይስ መድረኩን የሚሰናበቱት ሴት ይሁኑ፥ መለየት አቃተን። እርሳቸው በአይዳ ጨዋታ የገዛ ቆዳዬ ልብሴ ነው ይሉ እንደ ነበር ስንሰማ ነገሩ ይበልጥ ገባን።

የፊልም ጥቅሙም ይህ ነው። በዚያ ሰፊ ቤት ከኋላ የተቀመጠ ሰው ዘፋኙን የሚያየው እንደ ጣት አንሶ ነው፤ ካሜራው ግን ላቡንና እንባውን ያቀርብለታል። ጕዳትም አለው። በአዳራሹ ድምፁ ደረትን ይመታል፤ በፊልም ግን በትንሽ ሣጥን ውስጥ አልፎ ይመጣል። ለሩቅ ተመልካች ተብሎ ሰፋ ያለው የእጅ እንቅስቃሴም ቀርቦ ሲታይ ከልክ ያለፈ ይመስላል። በመጀመሪያ ያሣቀን አንዱ ነገር ይኸው ነበር።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና፥ የሌሎቹንም ስም ሳንጠራ ማለፍ አይገባም። አምኔሪስን የዘፈኑት ኢጣልያዊቱ ፊዮሬንሳ ኮሶቶ፥ ራዳሜስን ጄምስ ማክራከን፥ አሞናስሮን ደግሞ ሳይመን ኤስቲስ ናቸው፤ ሙዚቀኞቹን የመሩት ጄምስ ሌቫይን ነበሩ። ሳይመን ኤስቲስም የከሰል ማዕድን ቆፋሪ ልጅ ናቸው። አባትና ልጅ በዓባይ ዳር ሲጣሉ፥ ኮሶቶም በመጨረሻ ፈራጆቹን ሲረግሙ፥ ቋንቋውን ሳናውቅ ነገሩን አወቅነው።

ክቡራን ወላጆቻችን! ከዚህ ሁሉ ያገኘነው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፥ ያላወቅነውን ነገር ከመሣቅ በፊት ማዳመጥ እንደሚገባን ነው። ሁለተኛው ስለ እናንተ ነው። በሎረል ከተማ የነበሩት ሁለቱ ወላጆች ሸክላ ማጫወቻቸውን ሲሰጡ ቤታቸው ለጊዜው ዝም ሳይል አልቀረም። ከእኛም መካከል ለደብተሩና ለልብሱ ሲባል ከቤቱ አንድ ነገር የተሸጠለት ስንት እንደ ሆነ እናንተ ታውቃላችሁ፤ እኛም ከምታስቡት ይልቅ እናውቃለን። ዛሬ ልንከፍላችሁ የምንችለው ነገር የለንም። ነገር ግን ያ ዝም ያለው ቤታችሁ አንድ ቀን በልጆቻችሁ ሥራ እንዲሰማ ተግተን እንማራለን።