በሜዲትራኒያን ባሕር ሰባት ሌሊት

(በናይሮቢ በማኅበራችን የ25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



 የበዓሉ ኮሚቴ ስለ መርከብ ጉዟችን ለአባላቱ እንድናጫውት በጠየቀን ጊዜ ባልና ሚስት ሆነን ተመካከርን። እኛ ሱቅ ነጋዴዎች ነን፤ ንግግር የምናውቀው ከደንበኛ ጋር ብቻ ነው። ሆኖም ከተመለስን ወዲህ በሱቃችን ደጃፍ ያለፈ ወገን ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ስለሚጠይቀን፣ ለሁሉም በአንድ ጊዜ መመለስ ይሻላል ብለን እዚህ ቆመናል። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው፦ እንዴት ሄዳችሁ? ምን አያችሁ? ለእኛስ ይሆናል ወይ?

ናይሮቢ ውስጥ ሱቅ ከከፈትን 26 ዓመት ሆኖናል። በእነዚህ ዓመታት ሱቃችን ለበዓልና ለለቅሶ ካልሆነ በቀር ተዘግቶ አያውቅም። ነጋዴ ደጁን ሳምንት ሙሉ ከዘጋ ሰው «ወይ ታሟል ወይ ከስሯል» ይላል። ልጆቻችን ግን ለ30ኛ ዓመት የጋብቻ በዓላችን ግማሹን ወጪ አዋጥተው፣ «የቀረውን እናንተ ጨምሩና አንድ ጊዜ እረፉ» አሉን። የወንድማችን ልጅ ሱቁን ሊጠብቅልን ቃል ገባ። በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. ተነሣን።

ስለ ቪዛው

ብዙዎቻችሁ በመጀመሪያ የምትጠይቁት ይህንኑ ስለሆነ ከዚሁ እንጀምር። መርከቧ የደረሰችባቸው አገሮች ጣሊያን፣ ማልታና ግሪክ ናቸው። ሦስቱም በሸንገን ስምምነት ውስጥ ስላሉ አንድ ቪዛ ይበቃል። መርከቡ በመካከል ወደ ቱርክ ወይም ከሸንገን ውጭ ወዳለ ሌላ አገር ደርሶ የሚመለስ ከሆነ ግን ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልጋል። የዚያንም አገር ሕግ አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ማመልከቻው የሚቀርበው ብዙ ቀን ለሚቆዩበት አገር ነው። ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ይቻላል፤ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው መግባት አለበት። ክፍያው እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ጀምሮ ለአዋቂ ሰው 90 ዩሮ ሆኗል። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን ይኖርበታል። ፓስፖርቱም ከዚያ ከወጡ በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል ይሁን። እኛ የንግድ ፈቃዳችንን፣ የግብር ደረሰኛችንን፣ የባንክ መግለጫችንንና የኬንያ መኖሪያ ፈቃዳችንን በአንድ ፋይል አድርገን አቀረብን። ቪዛ ሰጪው በዋናነት ማወቅ የሚፈልገው «ይመለሳሉ ወይ?» የሚለውን ነው። በየወሩ ኪራይ የሚከፈልበት ሱቅ ጥሩ መልስ ይሰጣል።

ስለ መርከቧ

መርከቧ መካከለኛ ከሚባሉት ናት፤ 1,200 ያህል መንገደኛ ትይዛለች። ዛሬ ከ5,000 ሰው በላይ የሚጭኑ መርከቦች አሉ። መካከለኛዋ ዋጋዋ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ሰልፍ የለባትም፣ ጫጫታ የለባትም፣ ትልልቆቹ የማይገቡበት ወደብ ትገባለች። በሦስተኛው ቀን አስተናጋጆቹ በስማችን ይጠሩን ጀመር።

ከሮም 70 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በቺቪታቬኪያ ወደብ ስንሳፈር ሻንጣችንን ተቀብለው አንዳንድ ካርድ ሰጡን። ያ ካርድ የካቢን ቁልፍ ነው፣ መታወቂያ ነው፣ ገንዘብም ነው። ጠንቀቅ በሉ፤ በካርድ የሚገዛ ነገር የሚመር በመጨረሻው ቀን ሂሳቡ ሲመጣ ነው። ምግቡ በትኬቱ ውስጥ ተከፍሏል፤ ቲፕ ግን በብዙ መርከቦች በየቀኑ በየሰው ይታሰባል፣ ከ15 ዶላርም ያልፋል። ኢንተርኔቱም በሳተላይት ስለሆነ ውድ ነው።

መርከቧ ከመነሣቷ በፊት ሰባት አጭርና አንድ ረጅም ጡሩንባ ተነፋ፤ ይህ የአደጋ ምልክት ነው። እያንዳንዱ መንገደኛ የነፍስ አድን ጀልባው ያለበትን ቦታ አውቆ ይመዘገባል። እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው መርከብ በጣሊያን ጂልዮ ደሴት አጠገብ ከአለት ጋር ተጋጭታ 32 ሰዎች ሞተዋል። የተወሰኑት መንገደኞች ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር። ከዚያ ወዲህ ልምምዱ ከመነሣት በፊት ወይም ወዲያው እንደተነሡ እንዲሆን ሕጉ ጠብቋል።

ጿሚዎች አትስጉ። ረቡዕና ዓርብ ለአስተናጋጁ «ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለም» ስንለው ምስር፣ አትክልትና ሩዝ አሰናድተው አቀረቡልን። ጨው እንጂ ቅመም አያውቁም፤ ባለቤቴ በትንሽ ዕቃ የያዘችው ሚጥሚጣ ሰባቱን ቀን አዳረሰን።

ከሠራተኞቹ አብዛኞቹ ፊሊፒናውያን፣ ኢንዶኔዥያውያንና ህንዶች ናቸው። አንድ ቀን ቁርስ ላይ በስዋሂሊ ስንነጋገር አንድ ወጣት አስተናጋጅ ሰምቶ ቀረበና «ሺካሞ ባባ፣ ሺካሞ ማማ» አለን። የሞምባሳ ልጅ ነው። ኮንትራቱ ዘጠኝ ወር እንደሆነ፣ ሴት ልጁ ስትወለድ እሱ ባሕር ላይ እንደነበረ ነገረን። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ሳህን ያነሣልንን ሰው ቀና ብለን እናመሰግን ነበር። እኛም ከአገራችን ወጥተን ለልጆቻችን ያደርን ነንና።

ስላየናቸው ቦታዎች

ከመሳፈራችን በፊት በሮም አንድ ቀን አድረናል። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ ቆሞበት የነበረውን አደባባይ ፈልገን አገኘን። ሐውልቱ በ2005 ወደ አገሩ ተመልሶ በ2008 በአክሱም ስለቆመ፣ ቦታውን በሐውልት አልባነቱ ማየት ደስ ይላል። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 1952 ዓ.ም. በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈበት የቆስጠንጢኖስ ቅስትም ከዚያ በእግር የሚደረስ ነው።

ከኔፕልስ ወደብ ወርደን ፖምፔን አየን። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ79 በቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ አመድ የተቀበረች ናት። ሌሎች ሥዕሎቹን ሲያደንቁ እኛ የቀረነው ሱቆቹ ጋ ነው። የድንጋይ ባንኮኒ በመንገዱ ዳር ተሠርቶ፣ በላዩ ላይ ማሰሮ የሚቀመጥባቸው ክብ ቀዳዳዎች አሉት፤ ደንበኛው ቆሞ ትኩስ ምግብ ይገዛል። ዳቦ ቤቱ ወፍጮውና ምድጃው እስካሁን አለ፤ ከምድጃ ሳይወጣ ከሰል ሆኖ የቀረ ዳቦም ተገኝቷል። በመንገዱ ድንጋይ ላይ የጋሪ ጎማ የቦረቦረው መስመር ይታያል። ያን ቀን ጠዋት ሱቁን የከፈተው ሰው ማታ እንደሚዘጋ አልተጠራጠረም። እኛም ለ26 ዓመት «የሚቀጥለው ዓመት እናርፋለን» ስንል ነበር።

ከኔፕልስ ወደ መሲና ስንሄድ ስትሮምቦሊ የምትባል ደሴት በሌሊት እሳት ስትተፋ ይታያል። ኤርታ አሌን ያየ ሰው ይገባዋል። በሳንቶሪኒ ደግሞ መርከቧ ከባሕሩ መካከል ቆማ በትንንሽ ጀልባ ያወርዳሉ፤ ከገደሉ ጫፍ ላለው ከተማ በኬብል ካር፣ በበቅሎ ወይም ወደ 600 የሚጠጋ ደረጃ በመውጣት ይደረሳል። ጉልበት የሚያማችሁ በኬብል ካሩ ውጡ። በራሳችሁ ከወጣችሁም ሰዓት አክብሩ፤ መርከብ ማንንም አይጠብቅም።

ከማልታ ወደ ቀርጤስ ሁለት ሌሊትና አንድ ቀን መሬት ሳናይ ተጓዝን። በዚያ ቀን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ንና 28ን አነበብን። ቅዱስ ጳውሎስ ከቀርጤስ ተነሥቶ፣ በማዕበል 14 ሌሊት ተንከራቶ፣ በማልታ መርከቡ ተሰብሮ፣ በሲሲሊ አልፎ ሮም ገባ። የእኛ መንገድ የእሱ መንገድ ግልባጭ ነበር። በመርከቡ የነበሩት 276 ነፍስ ሁሉም ዳኑ፤ የደሴቲቱ ሰዎችም እሳት አንድደው ተቀበሏቸው።

ባሕሩ የያዘው

አሁን የምንናገረውን በበዓል ቀን መናገር ከባድ ነው፤ ዝም ብንል ግን የባሕሩን ግማሽ ደብቀናችሁ ማለት ነው።

መስከረም 23 ቀን 2006 ዓ.ም. በላምፔዱሳ ደሴት አጠገብ አንድ ጀልባ ሰጥሞ ከ360 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ነበሩ። ሚያዝያ 10 ቀን 2007 ዓ.ም. ደግሞ ከሊቢያ የተነሣ ጀልባ ተገልብጦ ከ800 በላይ እንደሞቱ ይገመታል። በሊቢያ በወጣቶቻችን ላይ የተፈጸመውን ግድያ ሰምተን ያለቀስነውም በዚያው ሳምንት ነው። ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በዚህ ባሕር የሞቱትንና የጠፉትን ከ30,000 በላይ አድርሶ መዝግቧል።

ከመሄዳችን በፊት አንዲት የማኅበራችን እናት ወደ ሱቃችን መጡ። ልጃቸው ከሊቢያ ከተነሣ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ስሙን አንጠራም፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። «ባሕሩን ስታዩት የክርስትና ስሙን ጥሩልኝ» አሉን።

ማልታ ስንደርስ ሌሎቹ የቫሌታን ምሽግ ሊያዩ ሲወጡ እኛ ታክሲ ይዘን ወደ አዶሎራታ መካነ መቃብር ሄድን። የሚያዝያ 2007ቱ ጀልባ ሟቾች ከሆኑት 24ቱ የተቀበሩት እዚያ ነው፤ ሲቀበሩ ስማቸው አልታወቀም ነበር። አበባ አስቀምጠን ጸሎት አደረስን። በዚያች ሌሊት ከእራት በኋላ ወደ መርከቧ የኋላ ደርብ ወጥተን፣ ወደ ደቡብ ፊታችንን አዙረን የልጁን ስም ሦስት ጊዜ ጠራን። ከበስተኋላችን ሙዚቃ ይሰማ ነበር።

ከመርከቧ መኮንኖች አንዱን፣ በባሕር ላይ የሚሰጥም ጀልባ ብታዩ ምን ታደርጋላችሁ ብለን ጠየቅነው። ሰው በአደጋ ላይ መሆኑን ያወቀ ካፒቴን፣ ማንም ይሁን ከየትም ይምጣ፣ የመርዳት ግዴታ በባሕር ሕግ አለበት ሲል መለሰልን። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ባሕሩ ሰፊ ነው፣ ጀልባው ትንሽ ነው፣ ሌሊቱም ጨለማ ነው።

ስንመለስ ለእናትየዋ ነገርናቸው። «ቦታው ይበርዳል?» ብለው ጠየቁን። «ንፋሱ ይበርዳል፤ ባሕሩ ግን ያን ሌሊት ጸጥ ብሎ ነበር» አልናቸው።

ለእኛስ ይሆናል ወይ?

ይሆናል እንላለን። በጥቅምት ዋጋው ከበጋው ይቀንሳል፤ መስኮት የሌለው ካቢን ደግሞ በረንዳ ካለው በጣም ይረክሳል፤ በካቢን ውስጥ የሚዋለው ለእንቅልፍ ብቻ ነው። አንድ ዓመት ቀድሞ እንደ ዕቁብ እየቆጠቡ መዘጋጀት ይቻላል። ማኅበራችን የሰርግና የሐዘን መረዳጃ እንዳለው ሁሉ፣ ልጆቻቸውን አሳድገው ለጨረሱ ወላጆች የዕረፍት ዕቁብ ቢጀምር ደስ ይለናል፤ የመጀመሪያውን ወር መዋጮ እኛ እንጥላለን።

ለወጣቶቻችን ደግሞ ይህን እንላለን። በዚያ ባሕር ላይ ሁለት ዓይነት መንገደኛ አይተናል፤ አንዱን በዓይናችን፣ አንዱን በመቃብሩ። ልዩነቱ የሰውነት ዋጋ አይደለም፤ ወረቀት፣ ጊዜና ትዕግሥት ነው። ሰው ሊያሻግራችሁ ገንዘብ ሲጠይቃችሁ መጀመሪያ ወደ ማኅበራችሁ፣ ወደ እኛም ሱቅ ኑ። ቡና እናፈላለን፤ ያለውን ሕጋዊ መንገድ ቁጭ ብለን አብረን እንፈልጋለን። ለመሄድ የቆረጠን ሰው ስድብ አይመልሰውም፤ የሚያዳምጠው ሰው ማግኘት ግን ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል።

ማኅበራችንን ለ50ኛ ዓመቱ ያድርስልን፤ የጠፉትን ነፍስ ይማርልን፤ ያሉትን ይጠብቅልን።