ወፎችን በጣና ረግረግ ዳር መጎብኘት፦ ደስታውና ትምህርቱ
(በኅብረት ሥራ ዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





ወፍ ለማየት መጓዝ ሲባል ብዙ ጊዜ የውጭ አገር ቱሪስት ሥራ ብቻ ተደርጎ ይታሰባል። ለአርሶ አደሩ ወፍ ማለት እህል ሲያሽት በወንጭፍ የሚባረር ነው። ሆኖም ሌላው በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አቋርጦ የሚያየውን፣ የጣና ዳርቻ ነዋሪ በእግሩ ደርሶ ማየት ይችላል።

የጣና ሐይቅና አካባቢው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ይህ ማለት ሰው ከቀዬው ይነሣ ማለት አይደለም። ጥብቅ ስፍራው በሦስት ይከፈላል፤ በጥንቃቄ የሚጠበቅ እምብርት፣ ውስን አገልግሎት የሚፈቀድበት ዙሪያ፣ እንዲሁም ሕዝቡ የሚኖርበትና የሚያርስበት ቀጠና አለው።

ለጉብኝት ምቹው ወቅት ከኅዳር እስከ ጥር ነው። በዚህ ጊዜ ከሩሲያና ከምሥራቅ አውሮፓ የተነሡ ግራጫ ክሬኖች ጣና ዙሪያ ይከርማሉ። ክሬን እግረ ረጅምና አንገተ ረጅም ትልቅ ወፍ ሲሆን፣ ክንፉ ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ቀን በአጨዳ የረገፈ እህል ሲለቅም ይውላል፤ ማታ ከአውሬ ለመዳን ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆሞ ያድራል። ስለዚህ ጎብኚ ከምሽቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ጨፌው ዳር ቢቀመጥ፣ መንጋው በሰልፍ እየጮኸ ወደ ማደሪያው ሲገባ ያያል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ሲነሣ ይደርስበታል።

ነዋሪዎቹ ወፎችም ብዙ ናቸው። በራሱ ላይ ወርቃማ ጉትያ ያለው ጥቁር ባለ ዘውድ ክሬን ከጥንዱ ጋር እየዘለለ ይጨፍራል፤ በዓለም ደረጃም ለአደጋ ከተጋለጡት ወፎች አንዱ ነው። ጃካና በረጃጅም ጣቶቹ በውኃ ላይ ቅጠል ይራመዳል፤ ጫጩት የሚያሳድገውም ወንዱ ነው። ፔሊካንና ዓሣ በል ንስርም አይጠፉም።

ወፍ ጉብኝት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ባይኖኩላር ቢገኝ መልካም ነው፤ ባይገኝም ዓይንና ትዕግሥት ይበቃሉ። የደበዘዘ ቀለም ያለው ልብስ መልበስ፣ ድምፅ መቀነስ፣ ውሻ አለማስከተል፣ በተለይ በክረምት ወደ ጎጆ አለመጠጋት ያስፈልጋል። የተረበሸ ወፍ እንቁላሉን ትቶ ይሄዳልና።

ይህ ደስታ ግን በረግረጉ መኖር ላይ የቆመ ነው። በፎገራ ሜዳ የሸሸርና የዋላላ ረግረጎች በእርሻ መስፋፋትና በፓምፕ በሚሳብ ውኃ ምክንያት እየጠበቡ መጥተዋል። ከዓመት ዓመት አንድ ጥማድ፣ ሁለት ጥማድ እየተባለ ሲታረስ ጉዳቱ አይታይም፤ ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነውና። ረግረጉ ሲጠፋ የሚጎዳው ወፍ ብቻ አይደለም። ለፎገራ የወተት ከብት በበጋ የሚደርሰው ሣር፣ ለታንኳ የሚሆነው ደንገል፣ ደለል የሚያጣራው መሬት አብረው ይሄዳሉ።

በዚሁ የፍልሰት መስመር ክሬኖች ከሚያርፉባቸው ስፍራዎች አንዱ፣ በሰሜን እስራኤል የሚገኘው የሁላ ሸለቆ፣ ለዚህ ምስክር ነው። በዚያ የነበረው ሐይቅና ረግረግ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለእርሻ ተብሎ ተጠነፈፈ። የደረቀው አፈር ግን ሰመጠ፤ ውስጥ ለውስጥም ተቃጠለ። እ.ኤ.አ. በ1994 የተወሰነው መሬት ተመልሶ በውኃ እንዲሸፈን ተደረገ። ክሬኖች በብዛት መጥተው ሰብል ሲነኩ፣ ገበሬዎችና የተፈጥሮ ጥበቃ አካላት ተመካክረው በተለየ ቦታ በቆሎ ይበትኑላቸው ጀመር። ጎብኚዎችም በትራክተር በሚጎተት ጋሪ ሆነው ወፎቹን በቅርብ ያያሉ።

የጣና ዳር ማኅበራትም ከዚህ የሚወስዱት ትምህርት አለ። የፓምፕ አጠቃቀምን በመተዳደሪያ ደንብ መወሰን፣ የረግረጉን ወሰን ከቀበሌው ጋር ሆኖ መከለል፣ ክሬን ቡቃያ የነካበትን አባል ብቻውን አለመተው፣ ወጣቶችን በአስጎብኚነት ማሠልጠን በማኅበር አቅም የሚሠሩ ናቸው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን አባላት ከልጆቻቸው ጋር አንድ ምሽት ወርደው ቢያዩ ይበጃል። ሰው ዓይቶ የወደደውን ለመጠበቅ ብዙ ቅስቀሳ አያስፈልገውም።

መልካም የምሥረታ በዓል!